በላብ የተገኘ ሀብት በቢቸናና በሞጣ

ጥሮ ግሮ ያገኘ ሰው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ በውርስ ወይም በሹመት ከከበረ ሰው የተለየ ክብር አለው። በሬ ሳይኖረው የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ጀምሮ ጥማድ ያበጀ፣ ጎተራውን ሞልቶ ጤፉን ለገበያ ያወጣ ገበሬ ይመሰገናል። ምስጋናውን ግን አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ሰው በገዛ ድካሙ ካፈራው ሀብት ምን ያህሉ የራሱ ነው?

የጥያቄው ሥር በርስት ውስጥ ይገኛል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ መሬት የሚጠየቀው በእናትም በአባትም ከአቅኚው አባት በመወለድ ነበር። ባለመብቱ ብዙ ስለሆነ ድርሻውን የሚያሰፋው በሙግት የበረታና ወገን ያበዛ ሰው ነበር። የጎጃምን ደጋ ዳሞት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንዳሳየው፣ ከዝቅተኛ ቤት የተወለደ ሰውም በዚህ መንገድ ከፍ ይል ነበር፤ ሲሞት ግን ይዞታው ይበታተን ነበር። ጥረት ዋጋ ነበረው፤ ፍሬው ግን የበቀለው ብዙዎች በሚጋሩት መሬት ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ያመፁት፣ ከግብሩ ባሻገር ርስታችን ይነካል ብለው ስለሰጉም ነው።

ሀብት ከየት መጣ የሚለው ፍርድ ሁልጊዜ በቀና ሚዛን አልተሰጠም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሥልጣን ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው በአራት ጥማድ መሬት ተወሰነ። የፍረጃው መለኪያ የያዙት ሥልጣን እንጂ መሬቱን ያገኙበትና ያለሙበት መንገድ አልነበረም።

የሃይማኖቱ ሚዛን ከዚህ ይረቃል። መጀመሪያ የሚመዝነው ጊዜን ነው። ከሰንበት ሌላ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ማረስ ነውር ነው፤ በዓል የሻረ ገበሬ በአገሩ ሁሉ ላይ በረዶ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የትጉሁ ሰው የሥራ ቀን እንኳ የእሱ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የሚመዘነው አጠቃቀም ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጸጋ እርሻው ስላፈራ አልተወቀሰም፤ የተወቀሰው ጎተራውን ለማስፋት ሲያስብ ለራሱ ብቻ ስላከማቸ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ድሃው አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው ነዌ በሰበከው ስብከት፣ ካለው ለድሃ አለማካፈል የድሃውን ድርሻ መስረቅ ነው ብሎ አስተምሯል።

በእነዚህ አገሮች ባለጸጋው ይህን የማካፈል ዕዳውን የሚከፍለው በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በዝክርና በተዝካር ነው። ይህ ድግስ ጎረቤትን ያበላል፣ ዝምድናን ያጸናል። ለስም ሲባል በብድር የሚደገስ ተዝካር ግን ወራሹን ያደኸያል እንጂ ድሃውን አያቆምም። በሬ ለሞተበት ጎረቤት በሬ ማዋስ፣ ለተቸገረ ዘር መስጠት፣ የሙት ልጅ ማስተማር ከአንድ ቀን ድግስ ይበልጣል፤ ተቀባዩ ራሱ ጥሮ እንዲያድር ያስችለዋልና።

እንግዲህ ድካሙ የሰውየው ነው፤ ይህን መንፈግ ግፍ ነው። ዝናቡ ግን የፈጣሪ፣ መሬቱ ያቀኑት አባቶች፣ አጨዳውና ውቂያው የደቦና የወንፈል ነው። በላብ የተገኘ ሀብት ስለዚህ በእውነት የባለቤቱ ሆኖ ሳለ ዕዳ አለበት፤ ባለጸጋው ጨዋ የሚባለውም ይህን ዕዳ ሳይጠየቅ ሲከፍል ነው።