የማን እሳት ነበር?

ሰው የገዛው ዕቃ ሁሉ የእርሱ ነውን? «ገንዘቡን እስከ ከፈለ ድረስ ምን ጥያቄ አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንዲሁ ስል ነበር።

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤቴ መደርደሪያ ላይ ሰባት አሮጌ የወታደር ምድጃዎች ተደርድረዋል። በአንድ እጅ የሚያዙ፣ በላምባ ወይም በቤንዚን የሚሠሩ ናቸው። ፈትል የላቸውም፤ ነዳጁ በሙቀት እንፋሎት ሆኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል። ስዊድናዊው ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 «ፕሪመስ» ብሎ ካወጣው ወዲህ እንዲህ ያለው ምድጃ ያልደረሰበት የለም። አሙንድሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ይዞት ነበር። ጦር ሠራዊቶችም አሳንሰው ከወታደሩ ጓዝ ጋር ከተቱት።

ከሰባቱ አብልጬ የምወደው የአሜሪካን ጦር ምልክት ያለበትን ነሐሱን ነው። ከአንድ ቆራሌ ጆንያ ውስጥ አግኝቼ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዛሁት። ሆዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ ወርቅ አብለጨለጭሁት።

አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት እናት ቡና ሊጠጡ መጡና ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ይኼማ የእኛ ነው!» አሉ።

ባላቸው ክብር ዘበኛ ነበሩ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮርያ ከዘመቱት የቃኘው ወታደሮች አንዱ ሲሆኑ፣ ዘማቾቹን ያስታጠቀችው አሜሪካ ነበረችና ምድጃውን ከዚያ ይዘው ተመለሱ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐዋሳ ስትቆረቆር ከቀደምት ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙ ነበር፤ እኒህም ባልና ሚስት ከእነርሱ ጋር መጡ። «ጎጆው ሳይቆም የመጀመሪያዋን ሻይ ያፈላነው በዚህ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሳይጠይቅ ለቆራሌ ሸጦት ኖሯል።

ከዚያ ዕቃውን አገላብጠው አዩና «ስሙስ?» አሉ። ባላቸው በሚስማር የጫሩት ስም ነበረበት። እኔ ተራ ጭረት መስሎኝ በአመድ አጥፍቼዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ። እኔ ባልገዛው ኖሮ ቀልጦ የበር እጀታ ይሆን ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከጎርፍ ላም ያወጣ ሰው የላሟ ጌታ ይሆናልን? ሰብሳቢ ነሐሱን ይገዛ ይሆናል፤ ያንን የመጀመሪያ ሻይ ግን የሸጠለት የለም። ስለዚህ በእጁ ያለው ንብረት ሳይሆን አደራ ነው። አደራነቱን ሳያውቅ ስም የሚፍቅ ሰውም፣ ዋጋ ቢከፍልም፣ አደራ በላ ከመባል አይድንም።

ምድጃውን ልመልስላቸው አልሁ። «ተወው ልጄ፤ እኛ ቤት ደግሞ ይሸጥብኛል። ለሙት ዓመቱ ግን አምጣውና ሻይ እናፍላበት» አሉ። እኔም ይዤ ሄድሁ። አንድ ጊዜ ተንጣጣ፣ ከዚያ ሰማያዊው እሳት ተነሣ፤ እማማም እስኪፈላ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አሁን እንቅልፍ የሚነሱኝ የቀሩት ስድስቱ ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ስንት ወታደር ጓዙን በየመንገዱ በዳቦ እንደ ለወጠ እናስታውሳለን። ከእነዚህ አንዱ በዚያ ዳቦ ተለውጦ ይሆን? ሁሉንም እኔው በአመድ ፈትጌአቸዋለሁ። ባለቤቶቻቸው በሬን ቢያንኳኩ በምን ምልክት ያውቋቸዋል?