የመንገደኛ ዕዳ

ሰው አገር ሲለውጥ ከሚይዘው ሻንጣ ሌላ፣ የማይመዘንና በፍተሻ የማይገኝ ጓዝ አለው፤ ይኸውም ገላው ነው። ገላው ጤና ወይም ሕመም ተሸክሞ ይጓዛል፤ ባለቤቱ ግን የትኛውን እንደ ተሸከመ ሁልጊዜ አያውቅም። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ መንገደኛ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ተላላፊ ቫይረስ እንደሌለበት በምርመራ እንዲያረጋግጥ መገደድ ይገባዋልን? ነገሩ የሐኪሞችና የአየር መንገዶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሥሩ ግን ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ያህል ዕዳ አለበት ከሚለው የጥንት ጥያቄ የተለየ አይደለም።

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በየመንገዱ ኬላ ነበረ፤ ነገር ግን ኬላው ይጠይቅ የነበረው የሸቀጥን ቀረጥ እንጂ የመንገደኛውን ትንፋሽ አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ሕመምተኛው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ታዘዘ። ወራት ካለፉ በኋላም በቫይረሱ አለመያዝን የሚገልጽ የፒ.ሲ.አር. ምርመራ ወረቀት የጉዞ ሰነድ ሆነ። አሜሪካም ከጥር 18 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ወደ እርሷ የሚበርረውን መንገደኛ በቫይረሱ አለመያዝን የሚገልጽ የምርመራ ወረቀት ትጠይቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግዴታው ቀርቷል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። በፍርሃት ሰዓት በጥድፊያ የተወሰነውን በጤና ቀን በሰከነ ኅሊና መመርመር ተገቢ ነው።

ከተቃዋሚዎች ክርክር ብርቱው የነጻነት ክርክር ነው። ሰው በገላው ላይ የማዘዝ መብቱ ከመብቶች ሁሉ የቀደመ ነው፤ ናሙና እንዲሰጥ የተገደደ ሰው ጥፋት ሳይገኝበት እንደ ተጠርጣሪ ተቆጥሯል ይላሉ። ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም። «ለጋራ ደኅንነት» የሚለው ቃል የግለሰብን ደጃፍ ለመርገጥ ስንት ጊዜ መሣሪያ እንደ ሆነ ታሪክ ያውቀዋል።

ሆኖም ገላ የግል ቢሆንም፣ ትንፋሽ ከአፍ ከወጣ በኋላ የግል አይደለም። ገበሬ በማሳው የወደደውን የመዝራት መብት አለው፤ ከማሳው የለቀቀው ጎርፍ የጎረቤቱን አዝመራ ሲወስድ ግን ነገሩ የእርሱ ብቻ መሆኑ ያከትማል። ምርመራ ክስ ነው የሚለውም ቢሆን ተገልብጦ መታየት ይችላል። ሁሉም እኩል ሲመረመር የተከሰሰ ማንም የለም። መመርመሪያ በሌለበት ግን ጥርጣሬ ፊትን እያየ ይፈርዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በከተሞቻችን አንዳንድ ሰዎች የውጭ ዜጋ የመሰላቸውን ሁሉ «ኮሮና» እያሉ ሲሳደቡና ሲያሳድዱ ታይቷል። እንግዳ ተቀባይ ነን ለምንል ሰዎች ይህ የሚያሳፍር ነበር።

ምርመራው ግን ምን ያህል እውነት ይናገራል? ፒ.ሲ.አር. ከአፍንጫና ከጉሮሮ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የቫይረሱን ዘረ-መል የሚፈልግ ዘዴ ነው። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር «ነጻ» ሊባል ይችላል፤ ሕመሙ እስኪገለጥ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላልና። በአንጻሩ የዳነና የማያስተላልፍ ሰው ከሳምንታት በኋላም «ተይዟል» ሊባል ይችላል። እንግዲህ ወረቀቱ ስለ አንድ ቀን የተሰጠ ምስክርነት እንጂ የንጽሕና ማኅተም አይደለም። ቫይረሱ በምርመራውም፣ በክልከላውም መካከል አልፎ ዓለምን አዳርሷል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ ማዘግየት ነው። የአውሮፕላን አየር በረቂቅ ማጣሪያ የሚታደስ በመሆኑ ዋናው ጭንቅ የተሳፋሪው ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሌሊት አንዱን አህጉር ከሌላው ማገናኘቱ ነው። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ በዚያ ዘመን ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ቢታዘዝ፣ ሕመሙ ቢያልፍ እንኳ የሚያልፈው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው። አውሮፕላን ግን በሽታው ገና ያልታወቀበት አገር ያደርሰዋል። እንደ ጌዶና ጊንጪ ባሉ ከተሞች ላለ ሆስፒታል፣ ወረርሽኙ አንድ ወር ዘግይቶ መድረሱ አልጋ ለማሰናዳት፣ ኦክስጅን ለማከማቸትና ባለሙያ ለማሠልጠን ፋታ ይሰጣል። በተገኘው ፋታ ካልተሠራበት ግን መንገደኛው የከፈለው ዋጋ በከንቱ ባክኗል።

በምዕራብ ሸዋና በመላው ኦሮሞ ዘንድ «ሰፉ» የሚባል የሥነ ምግባር ጽንሰ ሐሳብ አለ። ቃሉን በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጎም ያስቸግራል። ፍጡር ሁሉ በየቦታው ክብር እንዳለው፣ በአንዱና በሌላው መካከልም ሊጠበቅ የሚገባ ርቀትና ወሰን እንዳለ የሚያስገነዝብ ነው። ልጅ ለአባቱ፣ ሰው ለምድሩና ለከብቱ ሰፉ አለበት። ሰፉ የቅጣት ፍርሃት አይደለም፤ ማንም ባያይም የሚጠበቅ ነው። በአማርኛ የቅርብ ዘመዱ ይሉኝታ ይመስላል፤ ነገር ግን ይሉኝታ የሰውን ዓይን የሚፈራ በመሆኑ ሕመምን ሊያስደብቅ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ለዚህ ነው። በይሉኝታ የታሰረ መንገደኛ ሳሉን ውጦ ይሳፈራል፤ ሰፉ ያለው ግን ሳይጠየቅ ይናገራል። ሁላችንም ሰፉ ቢኖረን የምርመራ ግዴታ ባላስፈለገ ነበር። ግዴታው የሚመጣው ይሉኝታችን ከሰፋችን ስለሚበልጥ ነው።

አገሮችም ይሉኝታ አላቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የቫይረስ ዝርያ ለዓለም ባሳወቁ ጊዜ፣ ምስጋና ይገባቸው ሳለ ብዙ አገሮች በእነርሱና በጎረቤቶቻቸው ላይ በረራ ዘጉ። እውነት የተናገረ ሲቀጣ ያየ፣ ነገ ዝም ይላል። ስለዚህ በር ከመዝጋት ይልቅ መንገደኛውን ሁሉ መመርመር የተሻለ ፍትሕ ነው፤ ምርመራ የሚፈርደው በገላ ሁኔታ እንጂ በፓስፖርት ቀለም አይደለምና።

ይህ ማለት ግን ምርመራ በራሱ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱ በተቆጠሩ ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት ሲባል፣ ለቦሌ ነዋሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከጉደር ለሚነሣ መንገደኛ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናሙና መስጠት፣ ውጤት መጠበቅ፣ ማደሪያ መከራየት ማለት ነው። የጋራ ደኅንነት ዋጋ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ የጋራ መሆኑ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ከምርመራው የሚጠቀመው ሕዝብ ከሆነ ወጪውንም ሕዝብ በመንግሥቱና በአየር መንገዱ በኩል መካፈል አለበት።

ለብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከበረራ በፊት የግዴታ ምርመራ በ2012 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር አይደለም። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ ጉበት በሽታና ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ እርግዝናም ሳይቀር ሲመረመሩ ኖረዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የሕክምና ምርመራ ወጪን ሠራተኛዋ ከምትሸፍናቸው ወጪዎች መካከል አስቀምጦት ነበር። እዚህ ላይ ሚዛኑ በግልጽ ይዛነፋል። ኤች.አይ.ቪ. በትንፋሽ አይተላለፍም፤ አጠገቧ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከእርሷ የሚያሰጋው ነገር የለም። የምትገባበት ቤት ጌታና እመቤት ለእርሷ ጤና ሲባል አይመረመሩም። ይህ ምርመራ ሌላውን ከጉዳት የሚጠብቅ ሳይሆን ዕቃ ከመግዛት በፊት ዕቃውን እንደ መፈተሽ ያለ ነው። አሜሪካም ኤች.አይ.ቪ. ያለበት የውጭ ሰው እንዳይገባ የሚከለክለውን ሕግ ያነሣችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ምርመራ» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም፣ ለጎረቤት የሚከፈል ዕዳና ለጌታ የሚቀርብ ግብር የተለያዩ ናቸው።

ሌላም አለ። በዚያው በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መባቻ፣ ወረርሽኙ በተጋጋለበት ሰዓት፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ ተባርረው በአውሮፕላን ተጭነው መጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠይቆ ነበር። ትኬት ገዝቶ የሚበርር ሰው ለጤና ሲባል ከጉዞ ሲታገድ፣ እነዚህ ግን ያለፈቃዳቸው እንዲጓዙ ተደረገ። መንግሥታት ከመንገደኛው የሚጠይቁትን ጥንቃቄ ራሳቸው ካልጠበቁት፣ ግዴታው ሥነ ምግባር መሆኑ ቀርቶ ጉልበት ይሆናል።

አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ስትጠራ ኖራለች። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ወደ ፍል ውሃዋ የሚመጣው ሰው ሕመሙን ይዞ ነው። ሕመምተኛ ነህና ተመለስ አይባልም፤ የመጣው ስለ ታመመ ነውና። የግዴታ ምርመራ ከዚህ ልማድ ጋር የሚታረቀው፣ «ተይዘሃል» የተባለው መንገደኛ ከበሩ ውጭ እንዳይጣል ዋስትና ሲኖረው ነው። ማደሪያና ሐኪም ሊያገኝ፣ ትኬቱ ሳይቃጠል ወደ ሌላ ቀን ሊዛወርለት፣ ስሙ ለአሠሪውና ለጎረቤቱ ሳይገለጥ ሊጠበቅለት ይገባል። ይህ ዋስትና በሌለበት እውነቱን ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ አይኖርም፤ የሐሰት ወረቀትም ገበያ ያገኛል።

እንግዲህ መልሱ አዎን ነው፤ ነገር ግን ወሰን ያለው አዎን። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍና ብዙ ሰው የሚገድል ሲሆን፣ ምርመራውም የሚያስገኘው ፋታ በሥራ ላይ ሲውል፣ ወጪው በጋራ ሲሸፈን፣ ሁሉም እኩል ሲመረመርና ሥጋቱ ባለፈ ማግሥት ግዴታው ሲነሣ፣ መንገደኛ አልመረመርም ለማለት በቂ ምክንያት የለውም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ግን ምክንያት የማቅረብ ተራው ወደ መርማሪው ይዞራል። መንገደኛ ለሚገባበት አገር ዕዳ አለበት፤ የሚገባበትም አገር ለመንገደኛው ዕዳ አለበት። ሁለቱ ዕዳዎች በአንድ ቀን ካልተከፈሉ፣ በአውሮፕላኑ በር ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ለደካማው ብቻ የቆመ ኬላ ይሆናል።