ማንም በማያውቅሽ ከተማ ማን ነሽ?

(በቶሮንቶ ለወጣት እህቶች ከተሰጠ ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እናቶችም ከኋላ ተቀምጣችሁ አያለሁ፤ እንኳን መጣችሁ፣ ትምህርቱ እኛንም ይነካል። መጽሐፈ ሩትን ክፈቱልኝ። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጨርሳችሁ አንብቡት።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዳንፎርዝ ላይ በአበሻ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ስታልፉ አረማመዳችሁ ይስተካከላል፣ አይደል? የእናታችሁ ጓደኛ በመስኮት ልታያችሁ ትችላለች። ሰብዌይ ገብታችሁ ያንግ ጣቢያ ስትወርዱ ግን ማንም አያውቃችሁም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማን ልጅ እንደ ሆናችሁ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ እዚያ ስትደርሱ ማን ናችሁ?

እኔ ያደግሁት ጎረቤት ሁሉ እናት በሆነበት ሰፈር ነው። አጥፍቼ ከሆነ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይገባል። የጠበቀን ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታን አልንቅም፤ ብዙዎቻችንን ከገደል አፋፍ መልሶናል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይን በሌለበት ይተኛል። ሁለተኛ፣ በይሉኝታ ዘንድ ትልቁ ኃጢአት ማጥፋት ሳይሆን መታየት ነው። ስለዚህ በይሉኝታ ብቻ ያደገች ልጅ ስትወድቅ ትደበቃለች። መጀመሪያ የምትሸሸው ከማን ነው? ከእኛ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ አለችኝ፦ «ቤት አንድ ሰው ነኝ፣ ቸርች ሌላ ሰው፣ ካምፓስ ደግሞ ሦስተኛ ሰው። ክፉ ልጅ አይደለሁም፤ ደክሞኝ ነው እንጂ።» ያን ቀን የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ራሴን ጠየቅሁ፦ ለልጆቻችን ይሉኝታ አስተምረን እምነት አስተማርን ብለን ይሆን?

አሁን ሩትን እንያት። ሦስት ባልቴቶች ከሞዓብ መንገድ ላይ ናቸው። ኑኃሚን ምራቶቿን ተመለሱ አለቻቸው። ዖርፋ አልቅሳ፣ ስማ ተመለሰች፤ መጽሐፉም አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፈባትም። ልብ በሉ፤ ሩትም ብትመለስ ማንም ምንም አይላትም ነበር። የሚያያት ሕዝብ የለም፤ አማቷ ራሷ አሰናብታታለች። በይሉኝታ ሚዛን ነጻ ናት። እርሷ ግን የኑኃሚንን አምላክ አምላኬ ነው አለች፤ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ወሰነች። ጠባይ የሚሠራው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው።

ከዚያ ቤተ ልሔም ገባች። እንደ እኛ መጤ ናት፤ ያውም ሕጉ ወደ ጉባኤ አይግባ ካለው ከሞዓብ ወገን። ወደ ገብስ እርሻ ወርዳ ከአጫጆች ኋላ ቃረመች። ምሽት ላይ የሰበሰበችውን ወቅታ ወደ ኢፍ መስፈሪያ የሚጠጋ ገብስ ይዛ ገባች፤ ከምሳዋ የተረፋትንም ለኑኃሚን አወጣችላት። ከእናንተ መካከል የሌሊት ሽፍት ሠርታችሁ ጠዋት ክፍል የምትገቡ፣ ለአገር ቤት ቤተሰብ የምትልኩ አላችሁ። ሩት ታውቃችኋለች።

ቦዔዝ በምዕራፍ 3 ላይ ስለ እርሷ የተናገረው ቃል በዕብራይስጡ በምሳሌ 31 ላይ ስለ ልባሟ ሴት የተጻፈው ያው ቃል ነው። «ሐይል» ይባላል፤ ከእኛው «ኃይል» ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። ሩት ይህን ስም ያገኘችው መቼ ነው? ከማግባቷ በፊት ነው፤ ባልቴት፣ ድሃና ባዕድ ሳለች። ስለዚህ እህቶቼ፣ ጠባይ ለባል የሚዘጋጅ ጥሎሽ አይደለም። ብታገቡም ባታገቡም በእግዚአብሔር ፊት የራሳችሁ ሀብት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ከተማው ሁሉ ስለ ሩት ያውቅ ነበር፤ የሰው ምስክርነትም ዋጋ አለው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሥራው ነበረ፤ ዝናው ከኋላ መጣ። እኛ ብዙ ጊዜ ዝናውን አስቀድመን ሥራውን እንረሳለን።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንዶቹ አድርሱልኝ። ቦዔዝ ሩትን ተጠንቀቂ ብሎ ብቻ አልተዋትም፤ ጎልማሶቹን እንዳይነኳት አዘዘ። እኛ ግን ስለ ንጽሕና ስናስተምር ሴቶቹን ለብቻ እንሰበስባለን፤ ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ። በጲጥፋራ ቤት፣ ማንም በሌለበት፣ በባዕድ አገር ከኃጢአት የሸሸው ዮሴፍ ወንድ ነው። እግዚአብሔር ሁለት ሚዛን የለውም።

ሩቅ ዘመን ነው እንዳትሉኝ ከአገራችን አንዲት እናት ላንሣ። ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ናቸው። ቄስ ጉዲና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከወራት በኋላ ወይዘሮ ፀሐይም ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ገደማ በወህኒ ቆዩ። ከልጆቻቸው ተለይተው ነበር። እዚያ የሚያጨበጭብ ጉባኤ የለም፤ «ጎበዝ ክርስቲያን» የሚል ጎረቤት የለም። ይሉኝታ እዚያ ምን ይጠቅማል? በዚያ ጨለማ የጸናው ቀድሞ በስውር የተተከለው እምነት ነው። ከወጡም በኋላ ጌታን እየመሰከሩ ኖረው በ2014 እ.ኤ.አ. አረፉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ማንም የማያውቀው ጸሎት ይኑራችሁ። ባቡር ውስጥ፣ መስኮቱን እያያችሁ ይሁን፤ ፖስት አይደረግ፣ ለማንም አይነገር። ሁለተኛ፣ ሙሉውን እውነት የምትነግሯት አንዲት የጸናች እህት ፈልጉ። ሦስት ሰው መሆን የሚያደክመው የትም ቦታ ሙሉ ሆነን ስለማንታወቅ ነው።

ሦስተኛው ለእናቶች ነው። ልጅሽ አንድ ቀን አልቅሳ ትመጣ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ማን አየሽ?» ከሆነ፣ ሁለተኛ አትመጣም። ቦዔዝ ሩትን ከእስራኤል አምላክ ክንፍ በታች መጥተሻል አላት። ክንፍ ይሸፍናል፤ አይሰልልም። የእግዚአብሔር ዓይን የጎረቤት ዓይን አይደለም፤ ወድቀን ሳለን የሚያየን ሊያነሣን ነው።

ያቺ ተማሪ በሌላ ቀን መጣች። አብረን ሩትን አነበብን፤ ብዙ አልተናገርንም። ስትወጣ «በሚቀጥለው ሳምንትም ልምጣ?» አለችኝ። ነይ አልኳት። እናንተም ኑ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በዚህች ሰፊ ከተማ ማንም በማያውቀን ቦታ አንተ ታውቀናለህ። ቤትም፣ ቸርችም፣ ትምህርት ቤትም አንድ ሰው አድርገን። የወደቀችውን አንሣ፤ እኛንም ክንፍ እንድንሆን አስተምረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።