እርም ያልወጣላቸው

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ የጠፋች ሴት ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። በረዶ ቀልጦበት ቀለሙ ፈስሷል። ከሩቅ ከእኛ ልጆች አንዷ መሰለችኝና ደነገጥኩ፤ ቀረብ ብዬ ሳነብ የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ናት። እውነቱን ካልተናገርኩ መጻፉም አያስፈልግ፦ እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

ከራሴ ጋር ልከራከር ተቀመጥኩ። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ለጠፉና ለተገደሉ ነባር ተወላጆች የሚሠራ ቢሮና የማንቂያ ሥርዓት አቋቁማለች። ፖሊስ ሪፖርቱ በደረሰው በ8 ሰዓት፣ የጠፋው ልጅ ከሆነ በ2 ሰዓት ውስጥ ለግዛቲቱ የምርመራ ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ለምን ለእነሱ ተለይቶ? የእናት አንጀት ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ? የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሰው በዘሩ ተለይቶ ሲመዘገብ ደስ አይለኝም።

ቁጥር ፈለግኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የነባር ሴቶችና ልጃገረዶች የመጥፋት ሪፖርት በመላ አገሪቱ 5,712 ደርሶ ሳለ፣ በፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የጠፉ ሰዎች መረጃ ቋት ውስጥ የነበሩት 116 ብቻ ናቸው። ወዲያው ተጠራጠርኩ። ሪፖርት የተደረገ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም፤ ብዙው በቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ቁጥሩ ብቻውን አላሳመነኝም። ያሳመነኝ አመዘጋገቡ ነው። አንዱ ፖሊስ መልኳን አይቶ "ነጭ" ወይም "ሂስፓኒክ" ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ነባር ሴቶችን በመዝገብ የሚፈልግ ሰው እሷን አያገኛትም። እኔስ ምሰሶው ሥር ምን አደረግኩ? ፊቷን አይቼ የሐበሻ ልጅ አድርጌያት ነበር።

ነገሩን ቡና ላይ ለአንድ ወዳጄ ባነሳው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሜዲትራኒያን ላይ የቀሩት የእኛዎቹስ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጃቸው ባሕር ላይ የቀረባቸው እናቶች እርማቸውን ለማውጣት ስንት ዓመት እንደሚያመነቱ አውቃለሁ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ለቅሶ ቢቀመጡ ልጁን በቁሙ የገደሉት ይመስላቸዋል። ወዳጄ እንድተወው ብሎ ያነሳው ነገር የዚያችን ሴት ቤተሰብ ደጃፌ አመጣቸው።

"በነባሮቹ ላይ የደረሰው የቆየ በደል ነው፣ እኔ ስደተኛው ምን አገባኝ" የሚለው ግን አልለቀቀኝም። የመኪናዬ ታርጋ ማደሻ ደብዳቤ ላይ "አራፓሆ ካውንቲ" ይላል። ካውንቲው የተሰየመባቸው ነባር ተወላጆች፣ የአራፓሆዎቹ መሬት ግን ዛሬ ያለው ዋዮሚንግና ኦክላሆማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1864 የኮሎኔል ቺቪንግተን ወታደሮች እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሳንድ ክሪክ ላይ 230 ያህል የሻያንና የአራፓሆ ሰዎችን ጨፈጨፉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ከጭፍጨፋው ወራት ቀደም ብሎ የኮሎራዶ ገዥ የነበረው ጆን ኢቫንስ "ጠላት" የተባለውን ነባር ተወላጅ ማንም ዜጋ እንዲገድል የሚፈቅድ አዋጅ አውጥቶ ነበር። ያ አዋጅ በይፋ የተሻረው በኦገስት 2021 ነው። እኔ ኦሮራ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2014። ሰባት ዓመት ግብር የከፈልኩት አዋጁ ሳይሻር ነው።

ጥርጣሬዬ ሁሉ አልወጣልኝም። ሕጉ ሰዓት ቢቆርጥም ማንቂያው የሚለቀቀው ፖሊስ ሲጠይቅ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው "ትልቅ ሰው ናት፣ ትመጣለች" ቢልስ?

በማግስቱ ወደ ምሰሶው ተመለስኩ። ወረቀቱ አንድ ጥጉ ተላቆ ነፋስ ያራግበዋል። ስሟ ይነበባል። ከስልኩ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፈስሰዋል። የቀረውን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት።