ማን ይውጣ?

ከጸሎት በኋላ ቢር ፈድል ላይ ወሬያችን ኳስ ነው። ሊጉ ከተጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ፤ እኛ ግን «ይሄ አይረባም፣ ይውጣ!» ማለት ጀምረናል። ስለ አሰላለፍ መከራከር ኃጢአት አይደለም፤ አሰልጣኝም መምረጥ አለበት። በአንድ ቀን ስሕተት ሰውን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

በጥር 2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታችን ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ አበቃልን ብለን ነበር። በ10 ሰው አዳነ ግርማ አገባ፤ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ 1 ለ 1 ተለያየን። ጀማልም በኋላ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመልሷል።

ማለዳ መንገድ ዳር ቆመን አሠሪ «አንተ ና፣ አንተ ቅር» ሲለንስ? ያልተመረጠ ሰው ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ትናንት ግን ሥራ አጥቶ የተመለሰውን ወንድማችንን «ሰነፍ» ብለነዋል።