የቤንዚን ቍጠባና የባልንጀራ ደኅንነት

ከየካ ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጣ ሰው 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፥ የመንገዱ ርዝመት ሳይቈጠር፥ አንድ ሊትር የሚያህል ቤንዚን ያቃጥላል። ይህን ወጪ እጅግ የሚቀንሰው ቀላል መኪና የመረጠ ሰው ነው።

በቍልቍለቱ ግን ብዙ ሹፌር ቍጠባ መስሎት ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ይለቀዋል። ይህ ቍጠባ አይደለም። በዛሬው መኪና ማርሽ ገብቶ ሳለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን ይቋረጣል፤ ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ጥቂት ጥቂት መጠጣቱን አይተውም። የሚብሰውም ሌላ ነው፤ ሸክሙ ኹሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፥ ፍሬኑም እጅግ ሲግል ኀይሉ ይደክማል። በዚያው ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። እነርሱ ሹፌሩ አተረፍሁ ካለው ሳንቲም አንዲት እንኳ አይደርሳቸውም፤ አደጋው ግን ይደርሳቸዋል። የሌላውን ሕይወት መያዣ አድርጎ የሚቈጥብ ሰው ቈጣቢ ሊባል እንዴት ይገባዋል?

«በገንዘቤ የገዛሁትን እንደ ወደድሁ ባቃጥለው ማን ይጠይቀኛል?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ቤንዚን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ብዙ መድኀኒትም የሚገዛው ከዚያው ከረጢት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ አስቀድሞ የገባው ግን ዛሬም የእንጦጦን መንገድ ይወጣል፥ ይወርዳል።