የብዙዎች ጥቅም፣ የጥቂቶች እንጀራ

በአሜሪካ የጤና መድን ወኪል የሚኖረው በኮሚሽን ነው፤ ደንበኛው ውሉን ባደሰ ቁጥር ድርሻው ይደርሰዋል። መንግሥት ዜጋውን ሁሉ በአንድ መድን ቢያቅፍ ግን የሚሸጠው የጤና መድን አይቀርለትም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሁሉም እንዲታከም ሲባል የእርሱን እንጀራ መውሰድ ተገቢ ነው?

ሥራ የሚከበረው ሌላውን ስለሚጠቅም ነው። ወኪሉ ሥራ እንዳያጣ ሕመምተኛው ሳይታከም ይቆይ ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው። ሆኖም ወኪሉ ምን በደለ? ሕጉ የፈቀደውን ሠራ፤ ግራ የሚያጋባውን ውል ቁጭ ብሎ ለአረጋውያን አስረዳ።

ሴናተር በርኒ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ፣ ሥራቸው ለሚነካባቸው የመድን ሠራተኞች መደገፊያ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከበጀቱ እስከ 1 በመቶ ሊመደብ እንደሚችል ይገልጽ ነበር። መጠኑ ያከራክር ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ይመስለኛል። ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር ዋጋውንም ሁሉም ሊካፈለው ይገባል።

ወጣቶች፣ እስቲ በኅብረታችሁ ተወያዩበት፦ የሚቀረው ሥራ የአባታችሁ ቢሆን ምን ትላላችሁ? ሳትታከም የቀረችው እህታችሁ ብትሆንስ?